ምንጣፉ ላይ የተገኘው ዳይሬክተር

የዋረንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር ቨርነር ሃልስታድ፣ ትምህርት ቤቱን ወደ ትልቁ የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ሊግ የሚያስገባው ውል ሊፈረም በነበረበት ዕለት ጠዋት፣ በትግል መለማመጃው ክፍል መሃል ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ለመሞት ከዚህ የባሰ ቀን አልነበረም። የሊጉ ግብዣ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ማታ ነው። ካልተፈረመ፣ ዋረንፎርድ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ጥለውት እየወጡ ባለው አሮጌ ሊግ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ከተፈረመ ደግሞ ትግል፣ ዋናና ቴኒስ ይዘጋሉ። ይህን በከተማው የማያውቅ አልነበረም፤ ዳቦ ቤት የሚሰለፈው ሰው እንኳ ሁለት ጎራ ለይቶ ይሰዳደብ ነበር።

የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ ኒና ክራይቸክ ከመኪናዋ ስትወርድ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር ማርጎ ፔልሃም በረዶው ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«አደጋ ነው» አለች ፕሬዚዳንቷ፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ። «ወድቆ ነው። ዳሌው ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ አረማመዱ ልክ አልነበረም።»

«ሬሳውን አይተውታል?»

«በሩ ላይ ሆኜ።»

«እኔ ገና አላየሁትም። ወድቆ ከሆነ ካየሁት በኋላ እነግርዎታለሁ።»

«መርማሪ፣ ቦርዱ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ግድያ የሚል ቃል ከዚህ ግቢ ከወጣ ሊጉ ሐሳቡን ይቀይራል። ሁለት ሺህ ሠራተኛ ነው የማስተዳድረው።»

«ሟቹም አንዱ ነበር» አለችና ኒና አልፋት ገባች።

የትግሉ ክፍል ምድር ቤት ነው። ወደዚያ በሚወስደው ኮሪደር ሠላሳ የሚሆኑ ታጋይ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ስልክ አልያዙም፤ አንዳቸውም አያወሩም። ኒና በመሃላቸው አልፋ በሩን ከፈተች። ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ በወፍራም ሰማያዊ የስፖንጅ ምንጣፍ ተሸፍኗል። ግድግዳውና ምሰሶዎቹም እስከ ሰው ቁመት ድረስ በስፖንጅ ተለብጠዋል። በፊትና በኋላ በሮቹ ሥር ብቻ አንድ እርምጃ የሚያህል ላስቲክ ተነጥፏል።

እግሯን ከማንሳቷ ከጀርባዋ ድምፅ ጮኸ።

«ጫማ!»

ዞር አለች። የትግል አሰልጣኙ ዴል ኦስትራንደር ነበር። አንገቱ ከትከሻው የማይለይ፣ እንደ ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ታጋዮች ሁለቱም ጆሮዎቹ ተጨፍልቀው፣ ተጨማደው የደረቁ ሰው ነው። ኒናን ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ስፖርት አስተምሯታል፤ አሁንም እንደ ተማሪው ነው የሚያያት።

«ሬሳ ባለበትም፣ አሰልጣኝ?»

«ሬሳም ቢኖር። ልጆቼ ፊታቸውን የሚያሹበት ምንጣፍ ነው። አንድ ሰው የመንገድ ቆሻሻ ይዞ ከገባ ግማሹ ቡድን ቆዳው ቆስሎ ነው የሚተኛው። አውልቂ ኒና፣ አታድርቂኝ።»

አወለቀች። የፕላስቲክ መሸፈኛ አጥልቃ ወደ ሬሳው ሄደች።

ሃልስታድ በጀርባው ተዘርግቷል። ረጅም፣ ከባድ ሰው ነበር። ኮቱንና ከረባቱን እንደለበሰ ነው፤ እግሩ ላይ ግን ካልሲ ብቻ አለ። ጥቁር ጫማዎቹ በኋላው በር ሥር ላስቲኩ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ማሰሪያቸው ተፈቶ ተቀምጠዋል። ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ደም እንዲህ ላለ ቁስል በጣም ትንሽ ነበር። ኒና የካልሲውን ተረከዝና የሱሪውን ጫፍ አየች፤ አቧራም ጭረትም የለበትም። ከዚያ ተነስታ አንዱን ምሰሶ በቡጢ መታችው። ቡጢዋ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጠ።

«ማን አገኘው?»

«እኔ። ጠዋት ልጆቹን ላስገባ ስመጣ።»

«ሁለቱም በር ተቆልፎ ነበር?»

«ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ ያለን እኔና እሱ ብቻ ነን። እሱ የሕንጻውን ሁሉ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ይዞ ነው የሚዞረው።»

«ኪሱ ውስጥ ምንም ቁልፍ የለም።»

ኦስትራንደር ትከሻውን ሰበቀ።

«ትናንት አንገቱን እሰብረዋለሁ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። በልጆቼ ፊት ነው ያልኩት። አንገቱ ደህና ነው፤ እዪው።»

«አሰልጣኝ፣ ቀልዱን ይተዉት። ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች እስኪፈርሙ ድረስ አደጋ እንዲሆን ይፈልጋሉ። አደጋ ካልሆነ ደግሞ እርስዎ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ።»

አዛውንቱ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «እኔስ ሃያ ሰባት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። ውጭ ያሉትን አየሻቸው? ዛሬ ከተፈረመ ማታ ቡድን የላቸውም። ስኮላርሺፑ ከተነሳ ግማሾቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየመጡበት የከሰል ማዕድን ከተማ ነው። የትም ሌላ ቦታ አይቀበሏቸውም፤ ሁሉም ትምህርት ቤት ትግልን እየዘጋ ነው።»

«ሃልስታድ እዚህ ሲገባ ጫማ ያወልቅ ነበር?»

«እሱ? ባለፈው ወር ባለሀብቶች ይዞ መጥቶ ከነጫማቸው እንደ ከብት በዚህ ምንጣፍ ላይ ነዳቸው። ስጮህበት፣ ‹ዴል፣ ጎንበስ ማለት አልችልም፤ እያየኸኝ› አለኝ።»

 ኒና ጫማዎቹን ቆማ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ፎቅ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ሮይ ካልደርዉድ ጠበቃት። የጭነት መኪና ሻጭ ነው፤ አዲሱን ስታዲየም የሚሠራውም የልጁ ድርጅት ነው። በቆዳ ቦት ጫማው የፕሬዚዳንቷን ምንጣፍ እያበላሸ ይንጎራደድ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ገዳይሽ ምድር ቤት ቁጭ ብሏል። ካቴናውን አስገቢለትና እኛም ሥራችንን እንሥራ።»

«ሃልስታድን መጨረሻ ያናገሩት መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ደወለልኝ። ከፊርማው በፊት ቦርዱን ላናግር አለኝ። ምንድነው ስለው፣ በስልክ አልነግርህም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ውል ሲያሳድድ የኖረ ሰው! በመጨረሻዋ ሰዓት ፈራ እንጂ ምን ይሆናል።»

«ፈርቶ ወደ ኋላ ቢል እርስዎ ምን ያጣሉ?»

ካልደርዉድ ቆመ። «ግማሽ የተሠራ ስታዲየም አለኝ። ምን የማጣ ይመስልሻል?»

የፋይናንስ ኃላፊው ቲሞን ብራንት በሚቀጥለው ክፍል ከሊጉ ጠበቃ ጋር እያወራ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። አጭር፣ ትከሻው ከሱፉ የሰፋ፣ ጸጉሩ ጆሮውን ሸፍኖ እስከ ኮሌታው የወረደ ሰው ነው። ጸሐፊዋ የጆሮ ማዳመጫ ስታቀብለው በእጁ መለሰላት።

«ጆሮዬ ላይ አይቆምልኝም፣ ታውቂያለሽ።»

ስልኩን ሲዘጋ ኒና ፊቱ ተቀመጠች።

«ይህን ውል እንደ ሕፃን ያስረዱኝ።»

ብራንት ዓይኑን አሸ። እንቅልፍ እንዳላገኘ ያስታውቃል። «ትልቁ ሊግ ለአባሎቹ የቴሌቪዥን ገንዘብ ያካፍላል። እኛ ግን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት የምናገኘው ግማሹን ነው። አሮጌውን ሊግ ለመልቀቅ ደግሞ የመልቀቂያ ክፍያ አለ፤ እሱ ብቻውን የመጀመሪያውን ዓመት ድርሻ ይውጠዋል።»

«ሌላስ?»

«አውሮፕላን። አሁን ቡድኖቻችን በአውቶቡስ ሄደው ማታ አልጋቸው ላይ ያድራሉ። በአዲሱ ሊግ የመረብ ኳስ ልጆቹ ለአንድ ጨዋታ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። ሆቴል፣ ምግብ፣ የቀረ ትምህርት።»

«ታዲያ ምን ይተርፋል?»

«ሰባተኛው ዓመት።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ትንንሾቹ ስፖርቶች ይከፍላሉ።»

«እንዲህ ከሆነ ለምን አትቀሩም?»

«ከማን ጋር? ተጋጣሚ እየሄደ ነው። ባዶ ሊግ ማን ያሳያል? ብንሄድ እንደማለን፤ ብንቀር እንሞታለን። ይኸው ነው ስሌቱ።»

«ትግል መዘጋቱ አያሳዝንዎትም?»

«እኔ ትግልና ጭፈራ አልለይም። ክፍሉንም ረግጬው አላውቅም።»

ኒና ተነሳች። «ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኮትዎን አላየሁትም።»

«ከመኪናዬ እስከ በሩ ቅርብ ነው።»

ቅርብ አልነበረም። የመኪና ማቆሚያው ከሜዳው ማዶ ነው፤ ኒና ራሷ ስታቋርጠው አገጯ ደንዝዟል።

ከፋይናንስ ቢሮው ጀርባ ያለው በር ወደ ውጭ ደረጃ ይከፈታል። ጣሪያ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ታች ሲደርስ ከትግሉ ክፍል የኋላ በር ጋር ይገናኛል። ኒና ቀስ ብላ ወረደችው። እዚያ አገር በየበሩ ለበረዶ የሚበተን ጨው በባልዲ ይቀመጣል። እዚህም ባልዲ አለ፤ ባዶ ነው። ጨው ሁሉ የፈሰሰው በመጨረሻው እርከን ላይ ነበር፤ በረዶ ጠብ በማይልበት፣ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ በሚሸፍነው ቦታ። በጓንቷ ጫረችው። ከታች ያለው ጨው ነጭ አልነበረም።

ቆማ ለሟቹ ሚስት ለሎርና ሃልስታድ ደወለች። ሴትዮዋ አልቅሳ ደክሟት ነበር፤ ድምፅዋ ደርቋል።

«ወይዘሮ ሃልስታድ፣ ባለቤትዎ ጫማውን ራሱ ያወልቅ ነበር?»

«አይችልም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ጠዋት አስርለታለሁ፣ ማታ እፈታለታለሁ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ትናንት ማታ ደውሎልዎት ነበር?»

«እራት እንዳትጠብቂኝ አለኝ። ‹ገና ያልመጣውን የሊግ ገንዘብ አስይዘው ተበድረው በልተውታል፤ ዛሬ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው› አለ። ስም አልጠራም። እንዲህ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም።»

ኒና ስልኩን ኪሷ ከተተች። አንዱን ፖሊስ መኪና ማቆሚያው ጋ እንዲቆም፣ ማንም ወደቆሙት መኪናዎች እንዳይቀርብ አዘዘች። ከዚያ አሰልጣኙን ጠርታ፣ «አሁን ሰዎች ይገባሉ። የፈለጉትን ቢያደርጉ አፍዎን አይክፈቱ» አለችው።

«ምን ሊያደርጉ?»

«አፍዎን ብቻ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ቦርዱ ፎቅ ላይ እየተሰበሰበ ሳለ፣ ኒና ሦስቱን ወደ ትግሉ ክፍል ጠራቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ራሷ መሃሉ ላይ ቆማለች፤ ኦስትራንደር ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል።

መጀመሪያ ካልደርዉድ ገባ። በቦት ጫማው፣ በረዶና ጭቃ እያንጠባጠበ፣ ምንጣፉን አቋርጦ መጣ። የአሰልጣኙ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይታይ ነበር። ቀጥላ ፔልሃም ባለ ተረከዝ ጫማዋ ስፖንጁ ውስጥ እየሰመጠ፣ እየተንገዳገደች ገባች። መጨረሻ ቲሞን ብራንት ስልኩን እያየ መጣ። ላስቲኩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ በግራ እግሩ የቀኙን፣ በቀኙ የግራውን ጫማ ገፍቶ አወለቀ፤ በእግሩ ጎን ለጎን አስተካከላቸውና በካልሲ ወደ መሃል መጣ።

ኦስትራንደር ቀስ ብሎ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ቶሎ በይ እንጂ» አለ ካልደርዉድ። «ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ሰው ይጠብቀኛል።»

«ቶሎ ነው» አለች ኒና። «ቨርነር ሃልስታድ እዚህ ወድቆ አልሞተም። በዚህ ክፍል ሰው የሚሞትበት ጠንካራ ነገር የለም፤ ልሞክር ካላችሁ ግድግዳውን በጭንቅላታችሁ ግጩት። የሞተው ውጭ፣ በኋላው ደረጃ ላይ ነው። ደሙ ጨው ተደፍቶበታል፤ በረዶ በማይደርስበት ቦታ ጨው የሚደፋ ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሬሳውን ተሸክሞ፣ በሟቹ ቁልፍ ከፍቶ፣ እዚህ አስቀመጠው።»

«ዴል ነዋ» አለ ካልደርዉድ።

«ዴል ሰው ቢገድል ወደ ራሱ ክፍል ያመጣዋል? በዚህ ክፍል ያስቀመጠው ሰው ዴል እንዲጠረጠር የፈለገ ነው። በዚህ በኩል ጎበዝ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር አጠፋ። የሟቹን ጫማ አወለቀለት።»

ፔልሃም ግንባሯን ቋጠረች። «ቨርነር ራሱ አውልቆ ይሆናል።»

«ጎንበስ ማለት አይችልም ነበር። ሚስቱ ናት የምታስርለት። ሌላ ሰው ነው የፈታው። ለምን? ለማታለል አይደለም፤ ሃልስታድ በዚህ ምንጣፍ ላይ ከነጫማው እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ሰውዬው ሳያስበው ነው ያደረገው። ልጅነቱን በሙሉ ‹ጫማ!› ተብሎ ሲጮህበት ያደገ ሰው፣ ሬሳም ቢሆን ከነጫማው ምንጣፍ ላይ አያስተኛም። ይህ ደግሞ ታጋይ ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው።»

 ካልደርዉድ ቦት ጫማውን አየ፤ ፔልሃም የራሷን አየች። ሦስተኛውን ሰው ለማየት ሁለቱም ትንሽ ቆዩ።

ብራንት ካልሲውን እያየ ነበር።

«ትህትና ነው» አለ። «ምንጣፍ ስለሆነ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ሃልስታድ ከባድ ሰው ነበር፤ ተረከዙ ላይ ጭረት የለም። አልተጎተተም፤ አንድ ሰው ትከሻው ላይ አንግቶ ተሸክሞታል። አሰልጣኝ፣ አጭር ሰው ይህን ያህል ግዙፍ ሰው እንዴት ያነሳል?»

«ሥሩ ገብቶ» አለ ኦስትራንደር፣ ድምፁ ሻክሮ። «በአንገቱና በትከሻው። በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምናስተምረው።»

«አቶ ብራንት፣ ትግልና ጭፈራ አልለይም ብለውኛል። የጆሮ ማዳመጫ ግን ጆሮዎ ላይ አይቆምም። ጸጉርዎን ወደ ኋላ ያድርጉልኝ።»

አላደረገም። ኦስትራንደር ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሄዶ፣ እንደ አባት በእጁ ጸጉሩን ገለጠለት። ጆሮው የራሱ የአሰልጣኙ ጆሮ ይመስል ነበር።

«የት ነው የታገልከው?» አለው።

«አሁን የሌለ ኮሌጅ ውስጥ ነው» አለ ብራንት።

ኒና አላቆመችም። «የተሸከሙት ሰው ይደማ ነበር። ደሙ ትከሻዎ ላይ ነው የፈሰሰው። ለዚህ ነው በዚህ ብርድ ኮት የሌለዎት። ከቀትር ጀምሮ መኪናዎ አጠገብ ፖሊስ ቆሟል፤ ሌሊቱን ካልጣሏቸው ኮቱም ቁልፉም እዚያው ናቸው። ዳኛው የፍተሻውን ፈቃድ እስኪፈርም ልጠብቅ፣ ወይስ ይነግሩኛል?»

ብራንት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ሲቀመጥ እግሩን ያጠፈበት መንገድ የታጋይ አቀማመጥ ነበር።

«ባለፈው መስከረም የደመወዝ ገንዘብ አልነበረም» አለ። «ማርጎ፣ ለቦርዱ ሸፍኜልሽ ነው እንጂ አልነበረም። የሊጉን ገንዘብ አስይዤ ተበደርኩ። ለደመወዝ፣ ለስታዲየሙ። ቨርነር ደረሰበት። ለቦርዱ ሊናገር ነበር። ደረጃው ላይ ተከትዬ ለመንኩት። ‹ሰባተኛው ዓመት ላይ የማንደርስ ከሆነ አሁኑኑ እንወቀው› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

«እኔን ግን ያስጠረጠርከኝ አስበህበት ነው» አለ ኦስትራንደር።

ብራንት ቀና ብሎ አላየውም። «እኔ የተማርኩበት ኮሌጅ መጀመሪያ ትግልን ዘጋ። እያለቀስን ወጣን። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኮሌጁ ራሱ ተዘጋ። ከተማው ዛሬ ነዳጅ ማደያ ብቻ ነው ያለው። እዚህ እንዳይሆን ነበር። ገባህ? እዚህ እንዳይሆን።»

ሁለት ፖሊሶች ገብተው አነሱት። በኋላ በር በኩል ወሰዱት።

ፔልሃም እዚያው ቆማለች። ድምፅዋ ሲወጣ በጣም ዝግ ያለ ነበር። «ብድሩ። ሮይ፣ ካልፈረምን ብድሩ ምን ይሆናል?»

«ማስያዣው ውሉ ነው» አለ ካልደርዉድ። «ውል ከሌለ ባንኩ ወዲያው ይጠይቃል። ምን ልትከፍዪ ነው? ቤተ መጻሕፍቱን?»

«ከፈረምንስ?»

«ባንኩ ይጠብቀናል።»

ፕሬዚዳንቷ ወደ ኒና ዞረች። «መቼ ነው ለጋዜጠኞች የሚነገረው?»

«መግለጫ የሚሰጠው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ነገ ጠዋት።»

«ነገ ጠዋት» አለች ፔልሃም፤ ፊርማው ዛሬ ማታ እንደሚያልቅ እያሰበች መሆኑ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ማርጎ» አለ ኦስትራንደር። «ቨርነር እኮ አይሆንም ሊላችሁ ነበር የመጣው። ለዚያ ነው የሞተው። አሁን ሁሉንም ሰምተሻል። ስድስት ዓመት ግማሽ እየበላችሁ አትኖሩም፤ እሱ ራሱ አይቶታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ካልፈረምኩ በዚህ ወር ሁሉም ይዘጋል። ከፈረምኩ ዛሬ የምትዘጉት እናንተ ናችሁ። የፈለግከውን ስደበኝ፣ ዴል፤ ሦስተኛ መንገድ ግን ካለህ ንገረኝ። እለምንሃለሁ፣ ንገረኝ።»

  ካልደርዉድ ሰዓቱን አየ።

«ልጆቹን ማን ይነግራቸዋል?» አለ አሰልጣኙ።

ፔልሃም ካልደርዉድን አየች፤ ካልደርዉድ ጣሪያውን አየ። ገዳዩን ያገኘችው ኒና ነበረች፤ አሰልጣኙን ግን ከዚህ አላዳነችውም።

 ኦስትራንደር ሠላሳዎቹ ተማሪዎች ወደሚጠብቁበት ኮሪደር ወጣ፤ የሚለውን እነሱ ብቻ እንዲሰሙትም በሩን ከኋላው ዘጋው።